ትልቁን መቀነት ማን ይታጠቅ?

[በባልካን ተራራ ሥር፣ የማኖል ግቢ። ነገ የመንደሩ ወንዶች ጭምብል አጥልቀው፣ ከባድ ደወል ታጥቀው እየዘለሉ ክፉ መንፈስ የሚያባርሩበት በዓል ነው። መሪው ትልቁን የደወል መቀነት ይታጠቃል፤ መሸከም ያቃተው ቬሎ ለብሶ ሙሽራ ይሆናል። ማኖል ጓንቱን አጥልቆ፣ ፊሽካ አንጠልጥሎ፣ ወንበሩ ላይ ተንሰራፍቷል። ጎረቤቱ ፔንኮ ብረት ተሸክሞ ያለከልካል።]

ፔንኮ፦ ብረቱን የምታነሳው አንተ ከሆንክ የምሸከመው እኔ ለምንድን ነው?

ማኖል፦ ስንቴ ላስረዳህ? ሥልጠናው ቅይጥ ነው! ብረት ጡንቻ ያፋፋል። ሮጥ አረፍ፣ ሮጥ አረፍ ሲሉ ደግሞ ትንፋሽ ይረዝማል። ሁለቱ ሲቀየጡ ሰው በሬ ይሆናል!

ፔንኮ፦ ብረቱ የማን ነው?

ማኖል፦ የኔ።

ፔንኮ፦ ሩጫውስ?

ማኖል፦ ያንተ።

ፔንኮ፦ ታዲያ የተቀየጠው ምኑ ነው?

ማኖል፦ እኔና አንተ! ሩጫ ጡንቻ ይበላል። አንተ የሚበላ የለህ፣ ምን ያስፈራሃል?

ፔንኮ፦ [ክንዱን አየት አድርጎ] እሱስ ልክ ነህ።

ማኖል፦ በል፣ ብረቱን ምድጃው ጋ አሙቀህ አምጣ። በሩጫ! ቀዝቃዛ ብረትና የበር ነፋስ ስንቱን ጎበዝ ወገቡን ይዞ አስቀርቶታል።

[ፊሽካ። ፔንኮ ብረቱን አቅፎ ይሮጣል። ማኖል የአይብ ቂጣውን ይገምጣል። ፔንኮ ይመለሳል።]

ፔንኮ፦ አታነሳም?

ማኖል፦ ጡንቻ የሚያድገው ሲያርፉ ነው። አሁን እያደገ ነው፣ አትረብሸው።

ፔንኮ፦ ሸሚዝህ የጠበበህ ግን ሆድህ ላይ ነው።

ማኖል፦ ከታች ነው የሚጀምረው፣ አንተ ደንቆሮ! ይልቅ ቬሎህን ተኩሰሃል?

ፔንኮ፦ እባክህ ዘንድሮስ ማረኝ። አምና ለብሼው አማቴ እስካሁን «ምራቴ» እያሉ ነው የሚጠሩኝ።

ማኖል፦ እሱን ለደወሉ ንገረው። አምጣ መቀነቱን፣ ልሞክረው።

[ታጥቆ ይነሳል። አንዴ ይዘላል፤ ግቢው ይናጋል። በሁለተኛው ደወሎቹ ዘለሉ፣ እሱ ቀረ።]

ማኖል፦ [መሬት ላይ ተዘርሮ] ነፋስ ነው! በሩን ማነው የከፈተው?

ፔንኮ፦ ደጅ እኮ ነን።

ማኖል፦ ፍታልኝ! ትንፋሼ... ትንፋሼ...

[ፔንኮ ፈትቶ ራሱ ይታጠቃል። ይዘላል፣ ይሽከረከራል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይዘላል። የጎረቤት ውሾች ሁሉ ይጮኻሉ።]

ማኖል፦ አንተ! ይሄን ከየት አመጣኸው?

ፔንኮ፦ ካንተ። የበረዶውን ወራት ሙሉ ብረት ይዤ ሮጥ፣ አረፍ፣ ሮጥ። ሲቀየጥ በሬ ይሆናል አላልክም? ከመንደሩ ሁሉ አንተን የሰማህ እኔ ብቻ ነኝ። አንተም ራስህን አልሰማህም።

ማኖል፦ እኔ እኮ ብረቱን አሙቅ ነው ያልኩህ!

ፔንኮ፦ አንድም ቀን አላሞቅሁትም። ይዤው ቤቱን ስዞር ነው የከረምኩት። በጓንት የሚነካ ሰው በምን ያውቃል?

ማኖል፦ [ወገቡን ይዞ] ወይኔ! ለካ ለዚህ ነው ወገቤን የያዘኝ!

ፔንኮ፦ [ቬሎውን እያለበሰው] አይዞህ፣ ሙሽራ ሸክም የለባትም። ፊሽካዋን ግን ወዲህ በላት። ሙሽራ ስታፏጭ ነውር ነው።