ታንከሩን ዝም ለማሰኘት

(ጓሮ። የውሃ ታንከሩ ከፍ ባለ የብረት ቋሚ ላይ ተቀምጧል። አማች መሰላል ላይ ወጥቶ ክዳኑን ከፍቷል፤ አያት ከታች መሰላሉን ይዘውለታል። ከጓሮው መስኮት ጀርባ የሃያ ቀን ሕፃን አለ። ታንከሩ በጮኸ ቁጥር ይነቃል፤ እናቱ፣ የአማች ሚስት፣ ሦስት ቀን ዓይኗን አልከደነችም። ዛሬ ጠዋት ቁርጡን ተናግራለች፦ እስከ ማታ ካልተሠራ ልጇን ይዛ እህቷ ቤት ልትሄድ ነው። ታንከሩ ይጮኻል።)

አማች፦ አየር ነው እልዎታለሁ፣ እማማ።

አያት፦ አየር እንዲህ እንደ በሬ ያጓራል?

አማች፦ ቧንቧ ውስጥ ታፍኖ ነዋ። መውጫ ሲያጣ ይጮኻል።

አያት፦ ምስኪን። ከመቼ ጀምሮ ነው የታፈነው?

አማች፦ ቧንቧው ከተዘረጋ ጀምሮ ይሆናላ።

አያት፦ ሰባት ዓመት ዝም ብሎ ኖሮ አራስ ስትገባ ባሰበት?

አማች፦ እማማ፣ ይሄ የሳይንስ ነገር ነው።

አያት፦ እሺ ልጄ። እኔ እኮ የመንገዱን የውሃ መስመር በአዲስ ከቀየሩት ወዲህ ውሃው ሲንደረደር ስለማይ፣ ይሄን ከታች ያለውን የውሃ መግቢያ ቫልቭ ትንሽ...

አማች፦ እንዳይነኩት። እሱ ምንጊዜም ተከፍቶ ነው የሚኖረው። ይልቅ ይግቡና የቤቱን ቧንቧ ሁሉ ይክፈቱልኝ፤ አየሩን እናስወጣው።

(አያት ገብተው የወጥ ቤቱን፣ የመታጠቢያውን፣ የልብስ ማጠቢያውን ይከፍታሉ። ታንከሩ እየጎደለ ሲሄድ ጩኸቱ ይቆማል። ሕፃኑ እንዳይነቃ በእግራቸው ጣት እየተራመዱ ይመለሳሉ።)

አማች፦ ሰሙ?

አያት፦ ምንም አልሰማሁም።

አማች፦ እኮ። ወጣ ማለት ነው። ቧንቧዎቹን ይዝጓቸው አሁን።

(አያት ገብተው ዘግተው ይመለሳሉ። አማች መሰላሉ ላይ ሆኖ እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል። ታንከሩ እንደገና ሲሞላ ጩኸቱ ይነሣል። ከመስኮቱ የሕፃን ልቅሶ።)

አያት፦ ይሄኛውስ የማን አየር ነው?

አማች፦ የቀረው ነው። አንዴ ደግመን እንክፈት።

አያት፦ ቆይ እስቲ። እኔ ከዚህ አይታየኝም። ስንከፍት ዝም ያለው ታንከሩ ጎድሎ ነበር?

አማች፦ አዎ።

አያት፦ አሁንስ?

አማች፦ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው።

አያት፦ ውስጥ የሚንሳፈፈው፣ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ኳስ ምን እየሠራ ነው?

አማች፦ ይዘላል።

አያት፦ ምን ያዘልለዋል?

አማች፦ አየሩ ነዋ እማማ። ሲወጣ ይገፈትረዋል።

አያት፦ በላዩ ላይ የሚወርድበት ውሃ አይገፈትረውም?

አማች፦ ውሃ ገፋ ማለትማ ጥሩ ነው። ግፊት አለን ማለት ነው። ሰፈሩ ሁሉ የሚመኘው ነገር።

(አያት ጎንበስ ብለው ቫልቩን ቀስ እያሉ ግማሽ ድረስ ያዞሩታል። ጩኸቱ ወደ ማጉረምረም፣ ማጉረምረሙም ወደ ጸጥታ ይወርዳል።)

አማች፦ ወጣ። ሲወጣ በጆሮዬ ሰማሁት።

አያት፦ ተባረክ።

አማች፦ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። ባለሙያ ጠርተን ቢሆን ግድግዳውን ሁሉ ያፈርሰው ነበር።

(ይወርዳል። ዓይኑ ቫልቩ ላይ ያርፋል።)

አማች፦ ይሄን ማን ነው ግማሽ ላይ ያቆመው?

(እስከ መጨረሻ ይከፍተዋል። ታንከሩ ያጓራል። ግማሽ ይዘጋል፤ ጸጥ። ይከፍታል፤ ያጓራል። ይዘጋል። ወደ አያት ዞር ይላል።)

አማች፦ እማማ።

አያት፦ ወዬ።

አማች፦ ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት?

አያት፦ እርግጠኛ አልነበርኩም። ጠርጥሬ ልነግርህ ጀምሬ ነበር።

አማች፦ ለምን አልጨረሱልኝም?

አያት፦ መቼ ክፍተት ሰጠኸኝ፣ ልጄ?

(አማች አንገቱን ይደፋል። አያት ትከሻው ላይ የተለጠፈውን የሸረሪት ድር ያነሡለታል።)

አያት፦ ሂድ ግባ። እኔ ሠራሁት በላት፤ ደስ ይበላት። እኔን አታንሣኝ።

አማች፦ እውነትዎን ነው?

አያት፦ አዎ። ብቻ በአጭሩ።

(ይገባል። አያት መሰላሉን አጣጥፈው ግድግዳው ላይ ያስደግፋሉ። ጸጥታው ደስ ብሏቸው ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ። በመስኮቱ የአማች ድምፅ ይሰማል፤ በሹክሹክታ ጀምሮ ከፍ ይላል፦ «...ዋናው ነገር ግፊቱ ነው፣ ቀና በይና ላስረዳሽ፣ ኳሱ አሁን እዚህ ጋ አለ በይ...»። ሕፃኑ ያለቅሳል። አማች ትራስና ብርድ ልብስ ታቅፎ ይወጣል።)

አያት፦ ምነው፣ ታንከሩ ጮኸ?

አማች፦ አልጮኸም።

አያት፦ ታዲያ ሚስትህ እህቷ ቤት መሄዷን አልተወችም?

አማች፦ እሷማ ተወችው። የምሄደው እኔ ነኝ።