ከክምሩ መጨረሻ የሚነሱት ሚስተር ድሮብኒያክ

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2019፤ አስራ ሦስተኛው ካርድ። የጨዋታው ቀን ተጽፏል፣ ተጋጣሚው ተጽፏል፣ ኳስ ይዞ የወደቀው ልጅ ቁጥር ተጽፏል። «ማን ጣለው?» ከሚለው ፊት ያለው ቦታ ግን ባዶ ነው። ሚስተር ዎልተር ድሮብኒያክ ኮታቸውን አንስተው «ይሄን የሚመጣው ሐሙስ እንጨርሰዋለን፣ ዶክተር» ብለውኝ ወጡ። ዶክተር አይደለሁም። በሚመጣው ሐሙስም አልመጡም።

በየከተማው ሲያመሰግኑት የሚደነግጥ ሰው አንድ አይጠፋም። «ኮትህ ያምራል» ሲሉት «የወንድሜ ነው» ይላል። «ልጅህ ጎበዝ ነው» ሲሉት «በእናቱ ወጥቶ ነው» ይላል። ቤቱ ሲቃጠል ሮጦ ጎረቤቱን ቢያወጣ እንኳ «በሩ ክፍት ነበር» ብሎ ነገሩን ያበላሸዋል። የእኛ ከተማ፣ በኦሃዮ ወንዝ ዳር ያለችው፣ ይህን ዓይነቱን ሰው በትልቁ ነበር የያዘችው። ክቡር ሚስተር ድሮብኒያክ አራት ዓመት ለኮሌጃችን፣ አስራ አንድ ዓመት ደግሞ ለታላላቆቹ ቡድኖች የአሜሪካ እግር ኳስ በተከላካይነት ተጫውተዋል። ሁለት ጊዜ የአገሪቱ ምርጥ ተከላካይ ተብለዋል። የቀኝ እጃቸው አምስት ጣቶች አምስት የተለያየ አቅጣጫ ያመለክታሉ። ሥራቸው ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ሰው ይዘው መሬት ላይ መጣል ነበር፤ በዚህ ሥራ ያልጣሉት ዝነኛ የለም። እሳቸውን ብትጠይቋቸው ግን ማንንም አልጣሉም።

«ያ የኔ አይደለም» ይላሉ። ይህች ቃል ከአፋቸው አትጠፋም።

አንድ ጊዜ በወንዙ መንገድ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ሲነዱ ፖሊስ አስቆማቸው። ፖሊሱ መንጃ ፈቃዱን አየና እስክሪብቶውን መልሶ ኪሱ ከተተ።

«በዚያ በረዶ በጣለበት ጨዋታ ግዙፉን ሰውዬ የጣሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ያ የኔ አይደለም። እሱ አዳልጦት ነው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።»

ፖሊሱ እስክሪብቶውን መልሶ አወጣ።

ጉልበታቸውን የቀየረላቸው ሐኪም ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ አጥፎ ዘርግቶ አየና «እንዲህ ያለ ጥሩ ጉልበት አይቼ አላውቅም» አላቸው። «ያ የኔ አይደለም፣ የፋብሪካ ነው» አሉት። ሐኪሙ የሚቀልዱ መስሎት ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

አርብ አርብ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ዓሣ ይጠበሳል። ጠባሹ ሽርጡን አውልቆ እንዲፈርሙለት ለመናቸው። እሳቸውም በትልቁ «ሞንክ ቶሊቨር» ብለው ፈረሙ።

«ሞንክ ማነው?» አለ ሰውየው።

«ችግሩ እኮ ይህን መጠየቅህ ነው» አሉና ዓሣቸውን ይዘው ሄዱ።

ሞንክ የተባለው አልቪን ቶሊቨር ነው። አራቱን የኮሌጅ ዓመታት ከሚስተር ድሮብኒያክ ጎን ተሰልፎ ተጫውቷል። ከዚያ እሳቸው ወደ ዝና ሲሄዱ እሱ ወደ መስታወት ፋብሪካው ሄደ። ከሞተ አስራ አንድ ዓመት ሆነው። ሚስቱ ኦሊታ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ከኮሌጁ ሁለት መንገድ አልፎ ይኖራሉ።

እኔ የኮሌጁን የስፖርት መዝገብ እጠብቃለሁ። ጂምናዚየማችን ውስጥ የክብር ግድግዳ የሚባል አለ፤ አምስት መቶ ሰው የጣለ ተከላካይ ፎቶው እዚያ ይሰቀላል። ሚስተር ድሮብኒያክ 641 ስለጣሉ ፎቷቸው ከተሰቀለ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው። ሞንክ የተጻፈለት 487 ነው። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ሲሆን፣ የዘንድሮው ዲሴምበር 6 ነበር። የሚቀጥለው ሲደርስ ኦሊታ ሰማንያ አራት ይሞላቸዋል። እነሱ በተጫወቱባቸው በስልሳዎቹ ዓመታት ደግሞ ማን ስንት እንደጣለ የሚቆጥሩት የኬሚስትሪ መምህሩ ሚስተር ፊንች ነበሩ። ከላይ ከዘጋቢዎቹ ክፍል ሆነው አቅርቦ በሚያሳይ መነጽር ያያሉ። ስምንት ሰው እርስ በርሱ ሲከመር ማን እንደጣለ ከላይ አይታይም፤ ስለዚህ እሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ክምሩ ተነስቶ እስኪያልቅ ይጠብቁና መጨረሻ የተነሳውን ሰው ቁጥር ይጽፋሉ። ከስር የነበረው እሱ ነው፣ ከስር ከነበረ የጣለውም እሱ ነው፣ የሚል የኬሚስትሪ ድምዳሜ።

ኦገስት መጨረሻ ላይ ሚስተር ድሮብኒያክ ወደ ምድር ቤቴ ወርደው ይህ መዝገብ ስህተት እንዳለበት አመለከቱ። መዝገቤን ስህተት ነው ያለኝ ሰው በሰላም ተመልሶ አያውቅም። እሳቸው ግን ሐሙስ ሐሙስ ይመጡ ጀመር። አሮጌውን ድምፅ አልባ ፊልም እናዞራለን፤ በሳምንት አንድ ክምር መርምረን በካርድ ላይ እንጽፋለን።

«መልሰሽ አዙሪው። ያውልሽ ሞንክ።»

«እኔ የሚታየኝ ጭቃ ነው፣ ሚስተር ድሮብኒያክ።»

«ከጭቃው ስር ያለው እኮ ነው።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ጎኑ ተጋድሜያለሁ።»

«መጨረሻ የተነሱት ግን እርስዎ ነዎት።»

«ኖቬምበር ነው፣ ዶክተር። ክምሩ ውስጥ ይሞቃል። ማን ይነሳል?»

ይህ ምክንያት ይሁን ቀልድ እስከ ዛሬ አልለየሁም። ከሚሮጥ ሰው ፊት ቆሜ የማላውቅ የመዝገብ ሰራተኛ ነኝ፤ የሚሉኝን ጻፍኩ። አስራ ሁለት ሐሙስ፣ አስራ ሁለት ካርድ፤ ሁሉም ከእሳቸው ወጥቶ ለሞንክ ገባ። በአስራ ሁለተኛው ሐሙስ ደመርኩት።

«ሞንክ አምስት መቶ ሊሞላ አንድ ብቻ ቀረው» አልኳቸው።

«እንዲህ ነው እንዴ?» አሉ ጣሪያውን እያዩ። «እኔ መደመር አልችልም።»

ኳስ ካቆሙ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት ሂሳብ ያስተማሩ ሰው ናቸው።

አስራ ሦስተኛውን ክምር ሳየው እሳቸውና ሞንክ እኩል ደርሰው እኩል ይዘውታል። ደንቡ ሁለት ሰው አብሮ ከጣለ ለየአንዳንዱ ግማሽ ይጻፍ ይላል። ይህን ስነግራቸው «ግማሽ ሰው ይወድቃል?» አሉ። ደንብ ነው አልኩ። «ደንቡን ያወጣው ወድቆ ያውቃል?» አሉ። አላውቅም አልኩ። ቦታውን ባዶ ትተነው ተለያየን።

ቅዳሜ ከሰዓት ግቢያቸው ውስጥ ቅጠል እየጠረጉ ሳለ ልባቸው ቆመ።

ከቀብሩ ማግስት ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስላላወቅሁ የማውቀውን አደረግሁ፤ አስራ ሁለቱን ካርዶች በማጉያ መነጽር ከፊልሙ ጋር አመሳከርኩ። አስሩ ልክ ናቸው። ሁለቱ ዓይን ያወጣ ውሸት ናቸው። በአንደኛው ሞንክ ከሜዳው ማዶ ነው። በሌላኛው ጭራሽ ከመስመሩ ውጭ ተንበርክኮ የጫማውን ክር እያሰረ ነው። በሁለቱም የጣሉት ሚስተር ድሮብኒያክ ብቻቸውን ናቸው፤ እንዲያውም አሰልጣኝ ሁሉ እያሳየ ሊያስተምርበት የሚገባ አጣጣል ነው። ተናደድኩ። የሞተ ሰው ላይ እንዴት እንደሚናደዱ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። ደውዬ «ክቡርነትዎ፣ ዋሽተውኛል» የምለው ሰው ፈልጌ ስልኩን ሁለቴ አነሳሁ።

ሁለቱን ለሚስተር ድሮብኒያክ መልሼ ጻፍኩ። አስራ ሦስተኛውን ግማሽ ግማሽ አድርጌ ጻፍኩ። ሞንክ 497 ከግማሽ ላይ ቆመ፤ ኦሊታም ባላቸውን ግድግዳው ላይ ሳያዩ ሊቀሩ ነው። ያን ዕለት እንደ ማንም ሰው መዋሸት ብችል ብዬ ተመኘሁ። አልቻልኩም።

ከዚያ ግን አንድ ነገር ግራ አጋባኝ። የሚስተር ፊንች ዘዴ ስህተት ከሆነ፣ ስህተቱ እሳቸው በጣታቸው በጠቆሙኝ ቦታ ብቻ ለምን ይሆናል? ገና ያላየናቸው አስራ ዘጠኝ ፊልሞች ነበሩ። ለብቻዬ ተቀምጬ አንድ በአንድ አየኋቸው። ሚስተር ድሮብኒያክ በየክምሩ መጨረሻ እየተነሱ፣ እየተንጠራሩ፣ እንደ እሁድ ጠዋት እያዛጉ። ከስራቸው ሰውየውን በሁለት እጁ አንቆ የያዘው ሞንክ ስድስት ጊዜ ተገኘ። ያለ ጥርጥር፣ ያለ ጭቃ። 503 ከግማሽ። ሚስተር ድሮብኒያክ ያን ሁሉ ሐሙስ ሳይዋሹም አምስት መቶው ይሞላላቸው ነበር። ፊልሙን አላመኑትም፤ ወይም እኔን አላመኑኝም፤ ወይም ደግሞ ሐሙስን ወደውት ነው። የቱ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን ከሰው ጋር መከራከር ለምጄ አሁን ሐሙስ ምን እንደማደርግበት ጠፍቶኛል።

ኮሚቴው ዲሴምበር 6 ተቀብሎ አጸደቀ። ለኦሊታ ልነግራቸው ሄድኩ። ወጥ ቤታቸው ውስጥ አስቀመጡኝና ሰምተው ሲጨርሱ ለረጅም ጊዜ ፎጣ አጣጠፉ።

«ፎቶ ያስፈልገናል» አልኳቸው፣ «መለያ ለብሶ የተነሳው።»

«እሱማ አለ። ዎልት ድሮብኒያክ አሰርቶ አመጣልኝ። ያው የሞተ ዕለት ጠዋት።»

ከፎቶው ጋር የነበረውን ደረሰኝ አየሁ። የታዘዘው ኖቬምበር 8፣ ከአስራ ሁለተኛው ካርድ ማግስት ነው። መጠኑ የክብር ግድግዳው ላይ የሚሰቀሉት ፎቶዎች መጠን ነው።

«ሞንክ መለያ ለብሶ ያለው ፎቶ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ከዎልት ጋር የተነሱት» አሉ ኦሊታ። «ዎልት ራሱን አስቆርጦ አወጣ። ይኸው።»

ሞንክ ሃያ ዓመቱ ነው፣ ይስቃል። ትከሻው ላይ ባለቤት የሌለው ትልቅ እጅ አርፏል።

«እጁስ?» አልኩ።

«እኔም ጠየቅሁት። እጁን ካነሳነው የሞንክ ትከሻም አብሮ ይሄዳል ብሏል ባለፎቶ ቤቱ፣ አለኝ። በጣም ነው ያፈረው።»

ያን ቅዳሜ ጠዋት ሚስተር ድሮብኒያክ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ አልቀመጥም ብለው፣ በጓሮ በር በኩል ወጡ። ሲሄዱ የኦሊታን የቆሻሻ በርሜል እየገፉ መንገድ ዳር አደረሱላቸውና ክዳኑን ገጥመው ወደ ቤታቸው ሄዱ።