ኮምፒውተራችን እንግዳ ሲቀበል

በር ላይ የቆመን ሰው «አይገባም» ማለት አልፈጠረብንም። ጅብ እንኳ መጥቶ «ቤቶች» ቢል «ደጆች፣ ይግቡ» ሳንለው አንቀርም። ፋየርዎል የሚባለው የኮምፒውተር ዘበኛ ቦንጋ ላይ ሥራ የማይሳካለት ለዚህ ይመስለኛል። እሱ የለመደው መጠርጠር፣ እኛ የለመድነው ማስገባት።

ባለቤቴ አስቴር የማስተርስ ጽሑፏን የምትሠራው ስለ ጫካ ማር ነው። ዋጫና ደካ ድረስ እየሄደች ጭቃ እያቦካች የለቀመችው መረጃ ሁሉ ያለው ቤታችን ባለችው አንዲት ኮምፒውተር ውስጥ ስለሆነ፣ ጥበቃውን የመምረጥ ኃላፊነት ለእኔ ተሰጠ። እኔ ደግሞ ሲበዛ የሚሻል መስሎኝ ሁለት ነጻ አንቲቫይረስ ጫንኩባት። ሁለቱ ዘበኞች እርስ በርስ ሲፈታተሹ ኮምፒውተሯ መራመድ አቃታት። የኮምፒውተር ጠጋኝ ጋ ብወስዳት ስቆ አንዱን አጠፋልኝና፣ አብሯት የመጣውን ፋየርዎል እንዳልነካ፣ አንቲቫይረሱን ቶሎ ቶሎ እንዳድስ፣ የማላውቀውን ሁሉ እምቢ እንድል መከረኝ። እምቢ ማለቱን ግን ፈራሁት።

አልቀረም፣ የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ አለሙ ማስታወቂያ ሊያሳትሙ ፍላሻቸውን ይዘው ቤታችን መጡ። ያ ፍላሽ ቦንጋ ውስጥ ያልገባበት ማተሚያ ቤት የለም። ገና ስሰካው ስክሪኑ ቀላ።

«ምን ይላል?» አሉ መነጽራቸውን እያስተካከሉ።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? አባቴ ሲሞት ድንኳን የተከሉልኝን ሰው «ፍላሽዎ በሽተኛ ነው» ይባላል?

«ሰላም እያለዎት ነው» አልኩና ዘበኛውን አጠፋሁት።

በማግስቱ የአስቴር ጽሑፍ አልከፈት አለ። ብትጮህብኝ በተሻለኝ ነበር፤ እሷ ግን ከቦርሳዋ የራሷን ፍላሽ አወጣች። ለካስ በየቀኑ ኮፒ ታደርግ ኖሯል።

«ቫይረሱን ፈርቼ እንዳይመስልህ» አለችኝ፤ «አንተን አውቄህ ነው።»

ጠጋኙ ኮምፒውተሯን አጸዳ። ጋሽ አለሙ ተመልሰው ሲመጡ አስቴር ፍላሻቸው መታመሙን ፊት ለፊት ነገረቻቸው። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ስመኝ፣ ሰውየው ቅር እንኳ አላላቸውም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለው አመስግነዋት፣ ወደ እኔ ዞር አሉና «አንተ ግን ምነው ሳትነግረኝ?» አሉ።

ዛሬ ጋሽ አለሙ ፍላሻቸውን አስፈትሸው፣ በክብር ገብተው ያሳትማሉ። አስቴር ፓስዎርድ ቀይራለች፤ ለእኔ አልነገረችኝም። በገዛ ቤቴ ኮምፒውተሯ ፊት ቁጭ ብዬ «ቤቶች» እላለሁ። «ደጆች» የሚለኝ የለም።