ጠላቂ አማች ሽቅብ ሲወጣ

እኛ የአሰላ ሰዎች ለበሽታ ሁሉ አንድ መድኃኒት እናውቃለን፤ ሽቅብ መውጣት። ወባ ይሁን፣ ሳል ይሁን፣ ሐዘን ይሁን፣ ብቻ በሽተኛውን ወደ ብርዱ፣ ወደ ጉሙ አውጡት ነው። ቆላ ሰው ለንግድ ይወርዳል እንጂ ለጤና ይወርዳል እንዴ?

ይህ እምነታችን የእህቴን የሰዓዳን ባል፣ ከድርን፣ እግሩን ሊያሳጣው ነበር። ጃንሆይ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከድር ምጽዋ ወደብ ላይ የአየር ጋን አዝሎ ባሕር የሚጠልቅ ሰው ነበር። ኒካሁ ታስሮ የቀረው ድግሱ ብቻ ነው። ታዲያ ሊጠይቀን ሲመጣ ላንጋኖ ላይ የአንድ ወዳጁ የጀልባ ሞተር ሰጥሞ ያገኛል። ባሕር አልበቃው ብሎ ጋኑን አዝሎ ሐይቁ ውስጥ ሲጠልቅ ሲወጣ ይውልና፣ በዚያው ቀን፣ ፀጉሩ በወጉ ሳይደርቅ እኛ ቤት ከች! እንደተቀመጠ ጉልበቱን ያሻሽ ጀመር። ቆይቶ ልነሣ ቢል እግሩ አልታዘዝም አለው።

እናቴ ፈረደች። ከአሰላም ሽቅብ፣ በቆጂ፣ አክስቴ ዘንድ፣ አሁኑኑ! ላንድሮቨሩን አስነሣሁ፤ እሷ ከፊት፣ ከድር ከኋላ ተጋድሞ።

ከድር እኮ በሽታውን ያውቀዋል፤ እንጀራው ነው! ለምን ዝም አለ ትሉኝ ይሆናል። እኛ ዘንድ አማች በሚስቱ እናት ፊት ቀና አይልም፣ ቃልም አይወጣውም፤ እሷም ፊቷን በሻሿ ትሸፍንለታለች። እናቴ ደግሞ ከአጠገቡ ንቅንቅ አላለችም። ለእኔ በሹክሹክታ እንኳ እንዳይነግረኝ አፉ ተለጎመ።

መንገዱ ሕልም ነበር። ጉሙ ከጭላሎ ወርዶ የገብሱን ማሳ ውጦታል፤ ዛፉ ብቅ ይልና ይጠፋል፤ መሪ መያዜን ረስቼ በነጭ ውኃ ላይ የምንሳፈፍ መሰለኝ። እኔ እንዲህ ስንሳፈፍ ከድር ከኋላ ጭኑን ይቆነጥጣል፤ ምንም አይሰማውም። ሳጉሬን እንዳለፍን ሥርዓቱ ተበጠሰ፤ እናቴ ላይ ጮኸባት! የሚድነው ቁልቁል ሲወርድ መሆኑን፣ ካልተመለስን ዕድሜ ልኩን እንደማይራመድ ነገራት። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ሻሿን ሳብ አድርጋ፣ ወላሂ ይህ ልጅ አማቱ ላይ የጮኸው ሞት ቢታየው ነው፣ መልሰው አለችኝ።

ስንወርድ ከድር አስረዳኝ። ጠላቂውን ውኃ ሲጫነው የተነፈሰው አየር ደሙ ውስጥ ይገባል፤ ሰውየው ቶሎ ከወጣ፣ ይባስ ብሎ ተራራ ከወጣ፣ ደሙ ክዳኑ እንደተከፈተ ለስላሳ ይፈላል። ጅቡቲ ወደብ ላይ የብረት ክፍል አለ፤ በሩን ዘግተው አየር እየሞሉበት ሰውየውን በደረቅ መሬት መልሰው ያጠልቁታል። ከናዝሬት በባቡር ይዤው ወረድኩ። ሙቀቱ እየወፈረ መጣ፤ በእንቅልፍ ልቤ ደጋው የውኃው አናት፣ እኛም ወደ ታች የምንሰጥም እየመሰለኝ እባንናለሁ። በባነንኩ ቁጥር እግሩን እየነካሁ ይሰማሃል ወይ እለዋለሁ፤ አይሰማኝም ይላል። ፈራሁ። ለሰዓዳ ምን ልላት ነው?

ጅቡቲ ስንደርስ ሐኪሙ ብረቱ ክፍል ውስጥ ከተተው። ክብ መስኮት ነበረችው፤ አፍንጫዬን ለጥፌ ቀረሁ። ብዙ ቆይቶ የግራ አውራ ጣቱ ተንቀሳቀሰች። አለቀስኩ፤ ምን እዋሻለሁ?

ሐኪሙ ደጋ ውጣ እስኪለው እዚያው ሰንብተን ተመለስን። እናቴ ናዝሬት ድረስ ወርዳ ጣቢያው ላይ ጠበቀችን። ከድር ከባቡሩ በገዛ እግሩ ወረደ። ለዚያ እግር ዱዓ ስታደርግ የከረመችው እናቴ ግን ተሸፋፍና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች፤ ሥርዓት ነዋ! የጣቢያው ሰው ሁሉ ያየውን እሷ ብቻ አላየችም። እውነት ቆሟል ወይ አለችኝ። ቆሟል አልኳት። ይራመዳል? አሳምሮ! እንባዋን በሻሿ ጠረገችና እንዲህ አለችኝ፦ «በል እንግዲያው ንገረው፤ እግር ካለው ከፊቴ ዞር ይበልልኝ!»