በበሽተኛ ፊት መምህር አይታረምም

መከበር ደስ ይላል። አልወድም የሚል ካጋጠማችሁ እስቲ ሰላምታ ንፈጉትና እዩት። እኔ ጤና መኮንን ነኝ፤ ሐኪም ለመባል ጥቂት ዓመት የጎደለኝ፣ ነርስ ለመባል ደግሞ ጥቂት የተረፈኝ ሰው። የአዳማ ሰው ግን ለዚህ ሁሉ ዝርዝር ጊዜ የለውምና፣ ባጃጅ ነጂው ሳይቀር «ዶክተር» ይለኛል። መጀመሪያ ሰሞን አርም ነበር። በኋላ ተውኩት።

ሥራዬ ጤና መኮንኖችን ማስተማር ነው፤ ክፍል ውስጥ ሳይሆን አልጋ አጠገብ። ተማሪዎቼ ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው፣ ማስታወሻቸውን ይዘው ከኋላዬ ሲተራመሱ ላየኝ ሰው ሚዜ ያጀበው ሙሽራ እመስል ነበር። አንድ ሕግ ነበረኝ፤ በበሽተኛ ፊት መምህር አይታረምም። በሽተኛው እምነት ያጣል ባይ ነበርኩ። እውነቱን ከፈለጋችሁ ግን የፈራሁት ለበሽተኛው አልነበረም።

ደጋግሜ የማስተምራት አንዲት ነገር አለች። ጨጓራዬን የሚል ሰው ሲመጣ ሆዱን ብቻ ዳብሳችሁ አትተዉት፤ በግራ በኩል ከአንገት አጥንቱ በላይ ያለችውን ጎድጓዳ በጣታችሁ ፈትሹ፤ እዚያ ጠጠር የመሰለ እብጠት ካገኛችሁ የሆድ ካንሰር ሊሆን ይችላል እላለሁ። አንድ ቀን ይህንኑ ሳሳይ ቸኩዬ ቀኙን ያዝኩ። ጫልቱ የምትባል ከቡልቡላ የመጣች ዝምተኛ ተማሪ፣ «መምህር፣ ግራው አይደለም እንዴ?» አለች። ከዋርዱ አስወጣኋት። ልክ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ማንም አላረመኝም፤ እኔም መሳሳት ያቆምኩ መሰለኝ።

ዓመታት አለፉ። ባለቤቴ አስካለ ምግብ አልስማማ እያላት ትከሳ ጀመር። ጨጓራ ነው አልኩ፤ መድኃኒቱንም ራሴ ሰጠኋት። የሰው ሚስት ብትሆን አንገቷን ሳልፈትሽ አልለቃትም ነበር። የራሱን ሚስት ግን ማን እንደ በሽተኛ ይነካል?

ለዘመድ ሠርግ ባቱ ወርደን ሳለ ሕመሙ ባሰባትና ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ተረኛዋ ጫልቱ ሆና ተገኘች። «አካም ጅርቱ፣ አዴ» ብላ አስካለን ሳመቻት፣ አስተኛቻት፣ ሆዷን ዳበሰች። ከዚያ ጣቷ በግራ በኩል ወደ አንገቷ ወጣ። እዚያው ቆየ። እኔ ደግሞ የእኔ ተማሪ፣ አልረሳችውም ብዬ እየኮራሁ ነበር።

«ጨጓራዋ ነው ጫልቱ፣ እኔ ይዤዋለሁ» አልኳት።

ጣቷን አነሳች። አስካለን አየች፣ እኔን አየች። «እሺ፣ መምህር» አለች።

ከሦስት ወር በኋላ አስካለ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ አዲስ አበባ ስትታይ ካንሰሩ ጉበቷ ደርሶ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቀበርናት።

ጫልቱ ለቅሶ መጣች። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «ጣቴ አግኝቶት ነበር፣ መምህር» አለችኝ። «እሳቸው ፊት እንዴት ብዬ ላርምዎት? በኋላ ልደውል አልኩና፣ እርስዎማ ሳያውቁት አይቀርም፣ እሳቸው እንዳይደነግጡ ደብቀዋቸው ነው ብዬ ተውኩት።»

ልቆጣት አፌን ከፈትኩ። ማንን ነው የምቆጣው? እብጠቱ አንገት ከደረሰ ወዲያ የሚያድናት ነገር እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ እኔው ነኝ ያስተማርኩት። ግን ሦስት ወር ነበረን። ልጆቿን በወጉ ትሰናበት ነበር፤ እኔም አጠገቧ ቁጭ እል ነበር። እኔ ግን ሦስቱንም ወር «ጨጓራሽን አባባስሽው» እያልኩ ስጨቃጨቃት፣ የምትወደውን ቃሪያ ከትሪው ላይ ሳነሳባት አሳለፍኩት። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ቃሪያ ነው።

ሕጉን ሻርኩት። ዘንድሮ ለመጡት ተማሪዎች ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ስሳሳት ካያችሁ በማንም ፊት ቢሆን አርሙኝ አልኳቸው። አጨበጨቡልኝ። ባለፈው ሳምንት ታዲያ ልፈትናቸው ብዬ፣ በሽተኛውን በጆሮው ሹክ ብዬ አስፈቅጄ፣ ሆን ብዬ ቀኝ አንገቱን ነካሁና «የሚፈተሸው እዚህ ነው» አልኩ። ከዚያ ጠበቅኩ።

ሁሉም አቀርቅረው «ቀኝ» ብለው ጻፉ። ከአልጋው ግርጌ የቆመች አንዲት ልጅ ብቻ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች። በሽተኛውን አየች፣ እኔን አየች። ይህን አስተያየት አውቀዋለሁ።

«በይ፣ ልጄ፣ ምን ልትይ ነበር?» አልኳት።

«ምንም፣ መምህር» አለችና ጻፈች።