ባ ሊካንዶ እና አንዲቷ ነገር

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ነገሩ ተነጋግሮ አልቋል፣ ሁሉም ተስማምቷል፣ ግማሹ ቦርሳውን አንስቷል። ይሄኔ ከጥግ አንዲት ጣት ብድግ ትላለች። «አንዲት ነገር ብቻ» ይላል ባለጣቱ። ያቺ አንዲት ነገር ግን ሰባት ልጆች አሏት፤ ቦርሳ ተመልሶ መሬት ይቀመጣል፣ ምሳ ይቀዘቅዛል። ይህ ሰው በሠርግ ኮሚቴ አለ፣ በወላጆች ስብሰባ አለ፣ በመዘምራን ልምምድ አለ። መንግሥተ ሰማያት ስንገባም በሩ ላይ ቆሞ ማጠፊያውን ሲመረምር እንደምናገኘው አልጠራጠርም።

የእኔው ባለጣት ክቡር ሊካንዶ ይባላሉ። እኛ ሉሳካ ያለን ሰው ስናከብር ከስሙ ፊት «ባ» እንላለን፤ ስለዚህ ባ ሊካንዶ ናቸው። ዕድሜያቸው አርባ ስምንት ነው፤ ሸሚዛቸው እስከ መጨረሻዋ ቁልፍ ይቆለፋል፣ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል። ለኑሯቸው አንድ ትልቅ ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይጽፉ ነበር። ከሥራ መልስና ቅዳሜ እሑድ ደግሞ፣ ያለምንም ክፍያ፣ የቡታላ ጠባቂ ናቸው።

ቡታላ ማለት ጎተራ ነው። ጤና ጣቢያዎች የመድኃኒት ክምችታቸውን በስልክ የሚመዘግቡበት፣ የወባ መድኃኒት ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው «እዘዙ» ብሎ የሚጮህ፣ ኔትወርክ ባይኖርም የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ባለቤት የለውም። ኮዱን ማንም ከፍቶ ያየዋል፣ ያስተካክለዋል፣ በነፃ ወስዶ ይጠቀምበታል። የምንሠራው ከሉሳካ እስከ ሊሎንግዌና ቡላዋዮ የተበተንን ስልሳ ያህል በጎ ፈቃደኞች ነን፤ አብዛኞቻችን ዓይን ለዓይን ተያይተን አናውቅም። የሁላችንም ሥራ ግን ለዘጠኝ ዓመት በባ ሊካንዶ ጣት ሥር አልፏል።

እኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። የገባሁትም መመሪያው ላይ አንድ የገጽ ቁጥር ተሳስቶ አይቼ ነው። አስተካክዬ ላክሁ። በማግስቱ ከባ ሊካንዶ አሥራ አንድ አስተያየት ተመለሰልኝ። ሦስተኛው «ቲቸር፣ ያረምሽው ትክክል ነው፤ ግን ገጹ ራሱ ለምን አስፈለገ?» ይላል። ሁለት ቀን ስብሰለሰል ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን ገጹን አውጥቼ ብልክ «አመሰግናለሁ። አሁን አንዲት ነገር ብቻ» የሚል መጣ። ሰውዬውን በአካል ባገኘው ምን እንደምለው ለአንድ ወር ያህል ሳጠና ነበር።

ከፕሮግራሙ ውጪም ያው ናቸው። አንድ ጠዋት ማቴሮ ከሚባለው ሰፈር የሚነሳ ሚኒባስ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ረዳቱ በሩን ጥርቅም አድርጎ «ሳበው» ካለ በኋላ፣ ከኋላ ወንበር ጣታቸው ተነሳች።

«አንዲት ነገር ብቻ። ይሄ በር የቆመው በአንድ ብሎን ነው።»

«አንኮል፣ እርስዎ የከፈሉት ለወንበር ነው፤ በሩን ለእኛ ይተዉልን» አለ ረዳቱ፤ ተሳፋሪው ሳቀ።

ገበያው ጋ ሲደርሱ በሩ ወርዶ ቲማቲም ሻጮች መሃል ተጋደመ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ሾፌሩ ከዚያ ወዲህ እሳቸው በሩን ሳያዩለት አይነሳም ይባላል፤ እንዲህ የሚሉት ግን ራሳቸው ባ ሊካንዶ ናቸው።

ሕጋችንንም ያወጡት እሳቸው ናቸው። በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን ተጣድፈው የራሳቸውን ሥራ ራሳቸው አጸደቁና የሦስት ጤና ጣቢያዎች ክምችት ዜሮ ሆኖ አደረ። ማንም አልወቀሳቸውም። እሳቸው ግን ሙሉ ገጽ ይቅርታ ጽፈው ከሥሩ ሕግ አስከተሉ፦ ማንኛውም ለውጥ ምክንያቱ ተጽፎ፣ ተፈትኖ፣ ከጸሐፊው ሌላ ሁለት ሰው ካላጸደቀው አይገባም፤ ሁለት ሰው ካጸደቀው ደግሞ ማንም ብቻውን አያስቀረውም። እኔም ብሆን። «እኔም ብሆን» የምትለዋን አድምቀው ጽፈዋታል። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው የላከውን ለውጥ ለመፈተን፣ ቁጥር እየተመዘገበ ስልኩ ቢጠፋ ምን ይሆናል ብለው፣ ባትሪውን አርባ ጊዜ ነቅለዋል። በሠላሳ ሰባተኛው ላይ መዝገቡ ጠፋ። ላኪው ያን ሰሞን አኩርፎ ነበር፤ አሁን ሲምል በእሳቸው ስም ነው።

ባለፈው ዓመት፣ በሚያዝያ፣ አንድ ዓርብ ድርጅታቸው አርባ ሠራተኞችን በደብዳቤ አሰናበተ። ለባ ሊካንዶም ደረሳቸው። አንብበው ሲጨርሱ መልስ ጻፉ፦ «አንዲት ነገር ብቻ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ያለው የመጨረሻ የሥራ ቀን እሑድ ላይ ይውላል።» ድርጅቱም አመስግኖ፣ አስተካክሎ፣ ሰኞ እንደገና አሰናበታቸው።

ለእኛ ትንፍሽ አላሉም። ያወቅነው ከሰዓቱ ነው። ደመወዝተኛ ሰው ማክሰኞ ረፋድ በአራት ሰዓት የሌላ ሰው ኮድ ላይ አስተያየት አይጽፍም፤ እሳቸው ግን የላክነውን ሁሉ በአሥር ደቂቃ ይመልሱ ጀመር። መጀመሪያ ደስ ብሎን ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ቺፔጎ ደወለችልኝ። ቺፔጎ ጉዌምቤ ውስጥ ባለ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ በቡታላ ትሠራለች፣ ሲበላሽም ከማንም ቀድማ ትጮሃለች።

«ቲቸር፣ ሰውዬው ሥራ የላቸውም» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

«ትናንት የላክሁትን 'በጣም ጥሩ ነው' ብለው መለሱልኝ። ዝም ብለው። ወይ ታመዋል ወይ ሥራ አጥተዋል።»

ወዲያው ደወልኩላቸው። «ደህና ነኝ ቲቸር፣ አርፌ ነው» አሉኝ። እንርዳዎት ብላቸው «እናንተስ ምን ተርፏችሁ» ብለው ወሬ ቀየሩ። አላስቻለኝም፤ ቤታቸው ሄድኩ። ሳሎኑ በካርቶን ተሞልቷል። ባለቤታቸው ባ ኢኖንጌ ወደ ጓዳ ወሰዱኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ፤ ባላቸውን የሚጠሩት በልጃቸው በሙቱምዋ ስም ነው።

«የሙቱምዋ አባት ስድስት ቦታ አመለከቱ። የቡታላን ዘጠኝ ዓመት ሲያሳዩአቸው 'ያልተከፈለበት ሥራ ልምድ አይባልም' ይሏቸዋል። ሞንጉ ያለው ወንድማቸው የሩዝ ወፍጮ አለው፤ መጥተህ ጠብቅልኝ ብሏል። በወሩ መጨረሻ እንሄዳለን። ወፍጮው ያለበት መንደር ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም።»

«እሳቸው ምን ይላሉ?»

«ምንም። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ሰው አላረሙም። ትናንት ዓሣውን ሆን ብዬ ጨው አበዛሁበት፤ ዝም ብለው ከንሺማው፣ ከበቆሎ ገንፎው ጋር በሉት።»

ያኔ ፈራሁ። ሰውዬው ሥራ ብቻ አልነበረም ያጡት፤ ዓለምን ማረም እንደሚገባ ማመናቸውን ሊያጡ ነው። ወፍጮው ክፉ ሥራ ሆኖ አይደለም። ግን ያ ጭንቅላት ጆንያ ሲጠብቅ ሊኖር ነው፤ ቡታላም ያለ ጠባቂ ሊቀር ነው።

ሐሙስ ዕለት ባ ሊካንዶ አንድ ለውጥ ላኩ፤ ቁጥሩ 2114። አንዲት መስመር ብቻ ይሰርዛል፦ ከጠባቂዎች ዝርዝር ውስጥ «ሊካንዶ» የሚለውን። ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ «ይህ ስም ከእንግዲህ ሊያገለግል አይችልም» ብለዋል። ተፈትኗል ወይ የሚለው ላይ ደግሞ «ያለዚህ ስም ፕሮግራሙ በትክክል ይነሳል» ብለዋል። የሚቀረው ሁለት ሰው እንዲያጸድቅላቸው ብቻ ነበር።

ለስልሳውም ጻፍኩ። «ይህን የሚያጸድቅ ሰው ካለ ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው» አልኩ። አንድም ሰው አላጸደቀም። ዝም ብለንም አልተውናቸው። መጀመሪያ ቺፔጎ ጻፈች፦ «አንዲት ነገር ብቻ። ፕሮግራሙ ይነሳል የተባለው የት ተፈትኖ ነው? ጉዌምቤ አልተፈተነም።» ቡላዋዮ ያለው ታባኒ ቀጠለ፦ «ምክንያቱ አልተብራራም። ስሙ የማይችለው ምንድን ነው? ተዘርዝሮ ይቅረብ።» እኔም በተራዬ፦ «ክቡር ሆይ፣ ነባር ነገር ሲነሳ ተተኪው አብሮ ይቀርባል ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ተተኪው የታለ?»

ባ ሊካንዶ አንድ ድክመት አላቸው፤ መልስ ያልተሰጠው አስተያየት ትተው መነሳት አይችሉም። ለእያንዳንዳችን በቁጥር እየከፋፈሉ መለሱ። እኛም በመልሱ ላይ ጥያቄ አነሳን። ባ ኢኖንጌ እንደነገሩኝ በአንድ እጃቸው ካርቶን እያሰሩ በሌላው ይጽፉ ነበር። አስተያየቱ መቶ አርባ ሦስት ሲደርስ የወሩ መጨረሻ አልፏል፤ ሰውዬውም ከሉሳካ ንቅንቅ አላሉም።

ይህ ግን ጊዜ መግዣ ነበር። ዋናው ሥራችን ሌላ ነው። የቤተ ክርስቲያን ጤና ጣቢያዎችን የሚያስተዳድር አንድ ማኅበር አለ፤ ጣቢያዎቹ በሙሉ የሚሠሩት በቡታላ ነው፣ ቡታላን የሚንከባከብ አንድ ሰው ግን ቀጥሮ አያውቅም። ወደ ዳይሬክተሩ ሄድኩ። ስብሰባ ላይ ናቸው አሉኝ። በሳምንቱ ተመለስኩ።

«እህቴ፣ ፕሮግራሙ እኮ ነፃ ነው» አሉኝ ዳይሬክተሩ፣ የማላውቀውን የምሥራች የሚያበሥሩኝ ይመስል።

«ፕሮግራሙ ነፃ ነው፤ ሰውዬው ግን ይበላሉ» አልኳቸው።

ከዚያ ቺፔጎና ታባኒ በየጣቢያው ደወሉ። እያንዳንዱ ጣቢያ ስለ ቡታላ አንድ አንድ ገጽ እንዲጽፍ ጠየቁ፤ ፊት እንዴት ነበር፣ አሁን እንዴት ነው፣ ሲበላሽ ማን ደረሰላችሁ። ስልሳ ስምንት ገጽ መጣ። ቺፔጎ የጻፈችው አጭር ናት፦ «ያለፈው ክረምት፣ ነርስ ከሆንኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መድኃኒት አልቋል ብዬ የመለስኩት ልጅ የለም።» በሦስተኛው ጉዞዬ ባ ኢኖንጌን አስከትዬ፣ ገጾቹን ታቅፌ ሄድኩ። ዳይሬክተሩ ቆመው ማንበብ ጀመሩ፤ አሥረኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ተቀመጡ። ስንወጣ የሁለት ዓመት ውል ይዘን ወጣን፦ ቡታላን መጠበቅ፣ በየጣቢያው እየዞሩ ማሠልጠን።

ውሉን ሕጋችን በሚያዘው መንገድ አስገባነው፤ ምክንያቱ ተጽፎ፣ ስልሳ ስምንቱ ገጽ እንደ ፈተና ውጤት ተያይዞ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሃምሳ ሰባት ሰው አጸደቀ። ባ ሊካንዶ «ምጽዋት አልቀበልም» ብለው ጻፉ።

«ምጽዋት አይደለም፤ የተገመገመ ለውጥ ነው» ብላ መለሰችላቸው ቺፔጎ። «ሕጉ ሁለት ሰው ይላል፣ እኛ ሃምሳ ሰባት ነን። እኔም ብሆን ያሉት ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

በማግስቱ ውሉ ላይ ከእሳቸው አሥራ ዘጠኝ አስተያየት መጣ። ባ ኢኖንጌ ደውለው «የሙቱምዋ አባት ወደ ራሳቸው ተመለሱ» ሲሉኝ ሁለታችንም ስልኩ ላይ አለቀስን። ከአሥራ ዘጠኙ አራቱ ትክክል ነበሩ፤ ዳይሬክተሩ እያጉረመረሙ አስተካከሉ። ባ ሊካንዶም ፈረሙ። ቁጥር 2114ን ራሳቸው ዘጉት፤ ምክንያት የሚለው ላይ «በግምገማ ወድቋል» ብለው።

የመጀመሪያ ጉዟቸው ጉዌምቤ ሆነ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር አብሬ ሄድኩ። አውቶቡስ ውስጥ ነው የነገሩኝ፤ ቡታላ የሚሠራበትን ጤና ጣቢያ በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከገዛ ቤታቸው የምግብ ጠረጴዛ ላይ አልተነሱም።

ቺፔጎ የመድኃኒት ክፍሏን ከፈተችልን። ሦስት ሰው የማይዝ ክፍል ነው፤ መደርደሪያ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ ስልክ። ስልኩ የወባ መድኃኒት ሰማንያ ስድስት ሳጥን ይላል። ባ ሊካንዶ እጅጌያቸውን ሰብስበው አንድ በአንድ ቆጠሩ። ሰማንያ ስድስት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ እንደገና ከአንድ ጀመሩ።

«ባ ሊካንዶ፣ ልክ ነው እኮ» አልኳቸው።

«ልክ መሆኑን አውቃለሁ፣ ቲቸር። ደስ ብሎኝ ነው።»

ይህን ነዝናዛ ሰውዬ ምን ያህል እንደምወዳቸው ያን ጊዜ ገባኝ፤ ስንት ሥራዬን መልሰውብኛል፣ ስንቴ ረግሜያቸዋለሁ። አጠገባቸው ቆሜ አብሬያቸው መቁጠር ጀመርኩ። ውጪ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተሰልፈዋል። መሃል ላይ ቺፔጎ ገብታ ከታችኛው መደርደሪያ ሁለት ሳጥን አነሳች፣ ስልኩን ነካ ነካ አድርጋ ወጣች። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ስለነበር አላዩዋትም።

«ሰማንያ አራት» አሉ ሲጨርሱ። «ቲቸር፣ ሁለት ጎድሏል።»

በአገጬ ወደ ስልኩ ጠቆምኳቸው። ቀረብ ብለው አነበቡ። ሰማንያ አራት ይላል። በተከፈተው በር በኩል ቺፔጎ አንዱን ሳጥን ከፍታ ለአንዲት እናት ስትሰጥ፣ በእናትየዋ ጀርባ ላይ ያለው ልጅ ሲያለቅስ ይታያል። ባ ሊካንዶ ካርቶን ላይ ተቀምጠው ልጁ እስኪሄድ ድረስ አዩት፤ እኔም ጎናቸው ተቀመጥኩ።