የትም የማይከፍቱ ቁልፎች

በእኛ ከተማ ሥራ የሚበዛበት ሰው በምን ይታወቃል? በቁልፍ። ወገቡ ላይ የተንጠለጠለው ቁልፍ በበዛ ቁጥር ሰውየው ተፈላጊ ነው። ሲራመድ ይንቃጨላል። መምጣቱ ከሩቅ ይሰማል፣ መንገድ ይለቀቅለታል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ሃያ ሰባት ቁልፍ ነበረኝ። ስቀመጥ ጎኔን ይወጋኝ ነበር። ደግነቱ አልቀመጥም።

ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት የቴክኖሎጂ አስተባባሪ ነኝ። መታወቂያዬ ላይ እንደዚያ ይላል። ሥራው ምን እንደሆነ ግን መታወቂያው አይናገርም፤ እኔ ልንገራችሁ። ሽቦ ያለው ነገር ሁሉ የእኔ ነው። ኮምፒውተሩ፣ ፕሪንተሩ፣ የሰልፉ ድምፅ ማጉያ፣ ደወሉ። የውኃ ፓምፑስ? እሱም የእኔ ነው። አንድ ቀን ከመምህራን ማረፊያ ተደውሎልኝ እየሮጥኩ ብሄድ የተበላሸው የአንዲት መምህርት ጃንጥላ ሆኖ አገኘሁት። እንዴት ነው ነገሩ ብላት፣ "ሲጫኑት አይከፈትማ!" አለችኝ። ለካ የሚጫኑት ነገር ሁሉ ቴክኖሎጂ ነው። ሠራሁላት። ምን አደርጋለሁ?

አንድ ሰኞ ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት፣ ከምድር ቤት ወደ ሦስተኛ ፎቅ ስመላለስ ደረጃው መሀል ቆምኩ። ጉልበቴ አልሄድም አለኝ። ይህን እምቢታ አውቀዋለሁ። ከዚህ በፊትም አንድ ጊዜ አድርጎኛል።

ሾላ ገበያ ኩሊ ነበርኩ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አላወራም። የት አድር እንደነበር፣ ምን እበላ እንደነበር የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ ወሬ እቀይራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። አብሮን የሚሸከም ማንደፍሮ የሚባል ጎልማሳ ነበር። እኛ ወጣቶቹ አይሱዙ በቆመ ቁጥር ተጋፍተን፣ የድንች ጆንያ ጀርባችን ላይ ጭነን፣ "የት ላውርድ? የት ላውርድ?" እያልን ገበያውን እንዞራለን። ማንደፍሮ አይዞርም። መጀመሪያ ባዶ እጁን ሄዶ የሚያወርድበትን ቦታ ያያል። መንገድ ላይ ያለውን ድንጋይ በእግሩ ገፋ ያደርጋል። ከዚያ ነው የሚሸከመው። እኛ ሁለት ስናደርስ እሱ ሦስት ያደርሳል። ላብ እንኳ አይታይበትም። ጉልበቴ እምቢ ያለኝ ዕለት አጠገቤ ቁጭ አለና፣ "አንተ ልጅ፣ የደከምከው በሸክሙ አይደለም። ተሸክመህ ቦታ ስትፈልግ ነው" አለኝ።

ማንደፍሮ አንድ ችግር ነበረበት። የማያውቀው ነጋዴ አይጠራውም። ነጋዴ የሚፈልገው የሚያለከልክ ሰው ነው። ላብ የሌለበት ሰው ሰነፍ ይመስላላ! ያኔ ይህን ልብ አላልኩትም። ማለት ነበረብኝ።

ወደ ደረጃው ልመለስ። እዚያው እንደቆምኩ ማንደፍሮ ትዝ አለኝ። በማግስቱ ደብተር ያዝኩና ማን እንደጠራኝ፣ ለምን እንደጠራኝ መጻፍ ጀመርኩ። ሳምንቱ ሲያልቅ አገላብጬ ባየው ያለኝ ሥራ አንድ ብቻ ነው። ማጥፋትና ማብራት። ኢንተርኔት ሲቋረጥ የኢንተርኔቱን ሳጥን አጠፋለሁ፣ ትንሽ እጠብቃለሁ፣ አበራለሁ። መብራት ሲሄድም እንዲሁ ነው። ተመልሶ ሲመጣ በኃይል ስለሚመጣ ዕቃው ጠፍቶ ትንሽ መቆየት አለበት። ከዚያ ይበራል። በቃ።

ታዲያ ይህን እነሱ ለምን አያደርጉትም? ያደርጉታል። አይጠብቁም እንጂ! አጥፍተው ወዲያው ያበሩታል። "ሠላሳ ሰከንድ ይጠብቁ" የሚል ወረቀት በየክፍሉ ለጠፍኩ። መገናኛ ላይ አረንጓዴው ሳይበራ ጡሩምባ የሚነፋ ሕዝብ ሠላሳ ሰከንድ ሲጠብቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

መፍትሔው የመጣው በጸሐፊያችን በእትዬ አስካለ በኩል ነው። ጡረታ ሊወጡ ትንሽ የቀራቸው፣ ሁላችንንም "ልጄ" የሚሉ ሴት ናቸው። "ልጄ ተሾመ፣ ይኼ ሠላሳ ሰከንድ የምትለው ምን ያህል ነው?" አሉኝ። ሰዓት አያስሩም። እኔም አሰብ አደረግኩና፣ "አቡነ ዘበሰማያትን አንድ ጊዜ ረጋ ብለው ይድገሙ" አልኳቸው። አጠፉ። አማተቡ። ደገሙ። አበሩ። ኢንተርኔቱ መጣ። ያመሰግኑኛል ብዬ ስጠብቅ ተቆጡኝ። "ይኼን እያወቅህ ነው እስከ ዛሬ ስታደክመን የኖርከው?"

ወሬው በአንድ ቀን ትምህርት ቤቱን አዳረሰ። የሒሳብ መምህራችን ሰይድ የወሎ ልጅ ነው፤ ጨዋታ ያውቃል። "እኔስ የት ልውደቅ?" አለኝ። ፋቲሓ እንዲቀራ ነገርኩት። "በጥድፊያ ነው በእርጋታ?" አለኝ። "ለጀማሪ እንደምታስቀራ አድርገህ" አልኩት። ከዚያ ወዲህ እሱና እትዬ አስካለ ሰላም የላቸውም። "ሰይድ፣ ያንተ ያጥራል። ማሽኑ ሳይነቃ ነው የምትጨርሰው" ይሉታል። እሱ ደግሞ፣ "እርስዎ የእመቤታችንን ሲጨምሩበት ተማሪው ዕረፍት ወጥቶ ተመለሰኮ!" ይላቸዋል። የእንግሊዝኛ መምህርቷ ሄለን ተሽኮርምማ መጣች። "ጋሼ ተሾመ፣ እኔ ፕሬየር ላይ ትንሽ ዊክ ነኝ። ሌላ ኦፕሽን የለም?" የታክሲ ተሳፋሪ መሆኗን አውቃለሁ። ከመገናኛ እስከ አያት ታክሲው የሚያቆምባቸውን ቦታዎች በሙሉ እንድትጠራ፣ በየቦታው ሰው እስኪወርድ እንድትጠብቅ ነገርኳት። ሠራላት።

ቁልፎቹን ደግሞ ከወገቤ ፈትቼ፣ በየአንዳንዱ ላይ የበሩን ስም ጽፌ፣ እትዬ አስካለ ጠረጴዛ አጠገብ ግድግዳው ላይ ሰቀልኳቸው። የፈለገ ይወስዳል፣ ሲጨርስ ይመልሳል።

ስልኬ ዝም አለ። ምሳዬን ሳይቀዘቅዝ በላሁ። በክፍሌ ተቀምጬ፣ ጊዜ አጥቼ ስንት ወር ያቆየሁትን ሥራ፣ የተማሪዎቹን ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ እየፈታሁ አጸዳሁ። ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ ኮራሁ። ዲፕሎማዬን የተቀበልኩ ቀን እንኳ እንዲህ አልኮራሁም።

ዳይሬክተራችን አቶ ግርማቸው በክፍሌ በር በኩል ያልፋሉ። መጀመሪያ ቀን ተቀምጬ ሲያዩኝ፣ "ደኅና ነህ?" አሉኝ። በሁለተኛው፣ "አሞሃል እንዴ?" አሉ። በሦስተኛው ሰዓታቸውን አይተው አለፉ። ይኼኛው ነው ያስፈራኝ።

የወላጆች ቀን ጠዋት፣ አዳራሹ በወላጅ እየሞላ ሳለ፣ ቢሮአቸው ጠሩኝ። ነገሩን አላሽሞነሞኑትም። አትላስ ላለው ቅርንጫፋችንና ለእኛ አንድ አስተባባሪ ይበቃል ተብሏል። የአትላሱ አስተባባሪ ያሬድ ነው። "ያሬድን ሄጄ አየሁት። ይሮጣል። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ስናወራ እንኳ ስልኩ አራት ጊዜ ጮኸ። አንተ ግን፣ ተሾመ፣ ሥራ ያለህ አትመስልም" አሉኝ።

ልመና አልችልበትም፤ ሾላም ሆኜ አልለመንኩም። ሁለት ልጆች አሉኝ። ጆንያ የሚሸከም ጉልበት ደግሞ ከእንግዲህ የለኝም። ይህን ሁሉ በሆዴ ይዤ፣ "ይሁን" ብቻ አልኩ።

ይኼኔ መብራት ሄደ። ከአዳራሹ "ኧረ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ መጣ። አቶ ግርማቸው ከወንበራቸው ዘለው ተነሡ። "ምን ትቀመጣለህ? ሩጥ እንጂ!" አሉኝ። "አያስፈልግም፤ ሰዎች አሉ" አልኳቸው። እሳቸው ሮጡ። እኔ ተከተልኩ፤ በእርምጃ።

አዳራሹ በር ላይ ቆመው ደረስኩባቸው። መድረኩ ላይ እትዬ አስካለ የኢንተርኔቱ ሳጥን ፊት ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ሰይድ ፕሮጀክተሩ አጠገብ መዳፎቹን ዘርግቷል። ሄለን ድምፅ ማጉያው ዘንድ ማይክራፎኑን ይዛ፣ አንገቷን ደፍታ፣ በጣቷ ትቆጥራለች። ወላጆቹ ይህን አዩ። የመክፈቻ ጸሎት መሰላቸው። ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት ተነሡ። ቀጥሎ ረድፉ ተነሣ። ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ ቆመ። ነጠላ የተከናነበችውም፣ ሂጃብ ያደረገችውም፣ ሱፍ የለበሰውም። አቶ ግርማቸው ግራ ገብቷቸው ኮፍያቸውን አወለቁ።

ሰይድ ጨርሶ ፊቱን በመዳፉ አበሰ። "አሚን!" አለ። ፕሮጀክተሩ በራ። እትዬ አስካለ አማተቡ። አዳራሹ በአንድ ድምፅ "አሜን!" አለ። ከዚያ ድምፅ ማጉያው በራና የሄለን ድምፅ ሕንፃውን ሞላው። "አያት! መጨረሻ!"

ከወደ ኋላ አንድ አባወራ፣ "ወራጅ አለ!" ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ዝግጅቱ በሰዓቱ ተጀምሮ በሰዓቱ አለቀ። አዛውንቱ አቶ ግርማቸውን እጅ ይዘው፣ ሁሉም በየእምነቱ እየጸለየ የሚሠራበት እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት አይተው እንደማያውቁ ነገሯቸው። አቶ ግርማቸው አመሰገኑ። ከዚያ ወደ እኔ መጡና፣ "ማንም አልጠራህም" አሉኝ። "አልጠራኝም" አልኳቸው። "አንተ ምን ሠራህ ታዲያ?" "ዛሬ ምንም።" ዛሬ ምንም ላለመሥራት ከዚያ በፊት ስንት መሥራት እንደነበረብኝ ገባቸው መሰለኝ።

ሁለቱም ቅርንጫፎች ለእኔ ተሰጡ። ያሬድ ረዳቴ ሆነ፤ ጎበዝ ልጅ ነው፤ መቀመጥ እያስተማርኩት ነው። እንግዲህ ተመልከቱ። ሥራዬን ባቀልል የሌላ ሰው ሥራ ተጨመረልኝ።

በመጨረሻ አቶ ግርማቸው በሩን ዘጋ አድርገው አንድ ነገር አሉኝ። "እኔ ገብቶኛል። የትምህርት ቤቱ ባለቤቶች ግን በየጊዜው ይመጣሉ። ተቀምጠህ ቢያዩህ ለእነሱ ማስረዳት አልችልም። እባክህ እነዚያን ቁልፎች መልሰህ ታጠቃቸው።"

ቁልፎቹን ከግድግዳው ማውረድ አልቻልኩም፤ ሰው ይጠቀምባቸዋል። ስለዚህ ሾላ ገበያ ሄድኩ። ከስንት ዓመት በኋላ። ቁልፍ ከሚቀርጽ አንድ ሰውዬ ዘንድ የተጣሉ፣ የዛጉ፣ የየትም በር ያልሆኑ ቁልፎች ሰብስቤ በቀለበት አሰርኩ። አሁን ወገቤ ላይ አሉ። ሳልፍ ይንቃጨላሉ። ባለቤቶቹ ሲሰሙኝ በእርካታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ማንደፍሮ ሸክም ማቅለልን አስተምሮኛል። እሱ ያልደረሰበትን አንድ ነገር እኔ ጨመርኩበት። ነጋዴ ሲያልፍ ባዶም ቢሆን አንድ ጆንያ ጀርባ ላይ ጣል ማድረግ።